አዲስ ሽቶ ሲቀመር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለአነስተኛ ሽቶ ቀማሚ የንጽጽር መመሪያ

ከአነስተኛ ሽቶ ቀማሚ እጅ የሚወጣው የመጀመሪያው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ደስ ያሰኛል። ችግር የሚመጣው በሁለተኛው ነው። ቀመሩ ያው፣ ጥሬ ዕቃው ያው፣ ሽታው ግን ሌላ ይሆናል። ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ ሥራው ሳይጀመር በተደረጉ ምርጫዎች ላይ ይገኛል፦ በጠብታ መቁጠር፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዘይት መግዛት፣ ማቅጠኛውን ሳያስቡበት መያዝ። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹ የሚወዳደሩት በዋናነት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሽቶው ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ የሚያሳውቅ፣ ሲሳካም መልሶ ለመሥራት የሚያስችል የትኛው ነው? ወጪና ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይታሰባሉ።

ዝግጁ ዘይት መግዛት፣ ማሠራት ወይስ ራስ መቀመር

አንደኛው መንገድ ተቀምሞ ያለቀ የሽቶ ዘይት ገዝቶ በአልኮል ማቅጠን ነው። በአንድ ቀን ለሽያጭ የሚሆን ነገር ይወጣል። ነገር ግን ዘይቱ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩ አይናገርም፤ ቀመሩን ቢቀይርም የሚያስታውቅበት ግዴታ ላይኖረው ይችላል። በዚያ ላይ እንዲህ ካሉት ዘይቶች ብዙዎቹ ለሻማ ወይም ለሳሙና ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሻማ ውስጥ ምንም የማያደርግ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ሲውል ጠባብ ገደብ ሊኖርበት ይችላል። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለት ወረቀት ይጠይቅ፦ የደህንነት መረጃ ሰነዱንና የኢፍራ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር፣ የምስክር ወረቀት። ከምስክር ወረቀቱ የሚፈለገው ምድብ 4 የሚለው መስመር ነው፤ ቆዳ ላይ የሚረጭ ሽቶ የሚመደበው እዚያ ነውና። እዚያ 6% ተብሎ ከተጻፈ፣ ያንን ዘይት 15% አድርጎ መሸጥ አይቻልም።

ሁለተኛው ለባለሙያ ወይም ለአምራች ድርጅት ማዘዝ ነው። ጥራቱ የተሻለ ይሆናል፤ የደህንነት ወረቀቱም አብሮ ይመጣል። ውሉ ሲፈረም ግን ቀመሩ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መስፈር አለበት። በተለመደው አሠራር ቀመሩ ከሠራው ድርጅት አይወጣም፤ ደንበኛው የሚረከበው ኮንሰንትሬቱን፣ ማለትም ገና በአልኮል ያልቀጠነውን ቅምር ብቻ ነው። ዝቅተኛውን የትእዛዝ መጠንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። 1 ኪሎ ግራም ኮንሰንትሬት በ15% ሲቀጥን ወደ 6.7 ኪሎ ግራም ሽቶ ይሆናል፤ ይህም ባለ 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 160 ያህል ይሞላል። ገና ገዢ ላላገኘ ሽቶ ይህ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ራስ መቀመር ነው። አዝጋሚ ነው፤ ከ30 እስከ 40 የሚደርስ ጥሬ ዕቃ ገዝቶ እያንዳንዱን ለብቻው ማጥናት ይጠይቃል። በለውጡ ቀመሩ የራስ ነው፤ የተበላሸውን ለይቶ ማውጣትም ይቻላል።

በመካከል ያለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽጌረዳን ወይም አምበርን (ሞቅ ያለ፣ ሙጫ መሳይ ጠረን) ከዜሮ ከመገንባት ይልቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጽጌረዳ ቅንብር ገዝቶ በራስ ቀመር ውስጥ እንደ አንድ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ይቻላል። ለጀማሪ ይህን እናስቀድማለን፤ ግን በአንድ ቀመር ውስጥ ከአንድ በላይ አይግባ። ውስጣቸው የማይታወቅ ሁለት ቅንብሮች ከተገናኙ፣ ሽቶው ሲጎመዝዝ የትኛው እንዳጎመዘዘው የሚናገር የለም።

የዕፅዋት ዘይት ወይስ ነጠላ ሞለኪውል

እዚህ ላይ ክርክሩ ቶሎ ወደ እምነት ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ግን ልዩነቱ ቀላል ነው። አንድ የላቬንደር ዘይት በውስጡ ከመቶ በላይ ንጥረ ነገር አለው። ዋናዎቹ ሊናሎልና ሊናሊል አሴቴት ናቸው፤ የእነሱም መጠን እንደ ዝናቡ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ አጨዳው ወቅትና እንደ አወጣጡ ይለያያል። በላብራቶሪ የተሠራው ሊናሎል ግን ዛሬም የዛሬ ዓመትም ያው ነው። የዕፅዋት ዘይት ለሽቶው ሥጋና ልስላሴ ይሰጣል፤ ነጠላ ሞለኪውል ደግሞ አጥንት ይሆነዋል።

አንዳንድ ጊዜ ምርጫም የለም። ሙጌ ከሚባለው የሸለቆ አበባ ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይወጣም፤ የሊላክም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ስም የሚሸጥ ጠረን ሁሉ በሰው የተቀመረ ነው። ጽጌረዳ ዘይት ይሰጣል፤ ግን 1 ኪሎ ግራም በእንፋሎት ለማውጣት ከ3,000 ኪሎ ግራም የማያንስ የአበባ ቅጠል ይፈጃል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ገብቶ ሌላው በሞለኪውሎች ይደገፋል። ይህ አሠራር የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ኩማሪን እ.ኤ.አ. በ1868 በዊልያም ፐርኪን ላብራቶሪ ተሠርቶ በ1882 ፉዤር ሩዋያል በተባለው ሽቶ ውስጥ ገብቷል። ለጃስሚን አየር የሚሰጠው ሄዲዮንም ስሙ የገነነው በ1966 በወጣው ኦ ሶቫዥ ነው።

ዕፅዋትን ብቻ የመረጠ ቀማሚ የሚከፍለውን ዋጋ አስቀድሞ ይወቅ። በላብራቶሪ የተሠሩት ንጹሕ ሙስኮች፣ ማለትም ለስላሳና ብዙ የሚቆዩ ጠረኖች፣ ስለማይኖሩት የሚቀረውን ጠረን፣ ሌላው ተኖ ሲያልቅ ቆዳ ላይ የሚቆየውን፣ እንደ ቬቲቨርና ፓቹሊ ባሉ ዘይቶች፣ እንደ ላብዳነምና ቤንዞይን ባሉ ሙጫዎች መያዝ አለበት። እነዚህ ወፍራምና ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ነጭ ልብስ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ በአልኮል ሲቀጥኑም ደለል ይጥላሉ። ከ12 በላይ የዕፅዋት ዘይት አንድ ላይ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ቀለም ተቀላቅሎ ቡናማ እንደሚሆነው ሽታውም ጭቃ ይሆናል። መድኃኒቱ መቀነስ ነው። ሌላ ዘይት መጨመር ያባብሰዋል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል በዚህ ሙያ ዋጋ የለውም። የቀረፋ ቅርፊት ዘይት፣ ኦክሞስ የሚባለው የዛፍ ሽበት፣ ተጨምቆ የወጣ ቤርጋሞት፣ ሁሉም ጥብቅ ገደብ አለባቸው። የሎሚና የብርቱካን ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒን ከአየር ጋር ሲቆይ ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር ይሆናል። ስለዚህ የሎሚ ወገን ዘይቶች በማቀዝቀዣ፣ እስከ አፉ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ይቀመጡ። ግማሽ የቀረ ትልቅ ጠርሙስ ግማሹ አየር ነው።

ሞለኪውሎቹም ቢሆኑ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው፤ ጉልበታቸው እጅግ ይለያያል። ሄዲዮን የቀመሩን ሩብ ቢይዝ አይረብሽም። ካሎን፣ ያ የባሕር ነፋስና የሐብሐብ ጠረን፣ ከ1% በታች ሆኖም ሁሉንም ሊሸፍን ይችላል። ጀማሪዎች ቀመር የሚያበላሹት ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለው ጉልበተኛ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉ ገና ሲገዙት 10%፣ 1% እና 0.1% አድርጎ አቅጥኖ ማስቀመጥ ብዙ ኪሳራ ያስቀራል።

አልኮል ወይስ ዘይት

አልኮል ስንል ለሽቶ የተዘጋጀ፣ 95% ወይም ከዚያ በላይ ኤታኖል ማለታችን ነው። እንዳይጠጣ መራራ ነገር የተጨመረበት ቢሆን ችግር የለውም። ለማጽጃ የሚሸጠው ኢሶፕሮፒል የራሱ ኃይለኛ ሽታ ስላለው የሽቶውን መነሻ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚሸተውን ጠረን፣ ያበላሻል። ሜታኖል ያለበት አልኮል ግን ፈጽሞ አይነካ፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

የአልኮል ጥቅሙ ቶሎ መትነኑ ነው። ሲተን ቀላሎቹን ጠረኖች ይዞ ይነሳል፤ ሽቶው ክፍሉን የሚሞላው በዚህ ነው። አብዛኛውን ጥሬ ዕቃ ያሟሟል፤ ይረጫል። ጉዳቱ ተቀጣጣይነቱ ነው፤ በክፍል ሙቀት እንኳ ትነቱ እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ሥራው አየር በሚገባበትና እሳት በሌለበት ቦታ ይሁን። ጭነትም ሲላክ እንደ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 1266፣ ይመዘገባል፤ ይህም የማጓጓዣ ምርጫን ያጠባል።

ዘይት ላይ የሚሠራ ሽቶ ቆዳ ላይ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሎሚና ቤርጋሞት ደብዘዝ ይላሉ፤ እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ሙስኩ ያምራሉ። ጆጆባ ወይም ቶሎ የማይሻግተው፣ ፍራክሽኔትድ የሚባለው ፈሳሽ የኮኮናት ዘይት ይመረጣል፤ የወይራና የለውዝ ዘይት በወራት ውስጥ ሽታቸው ይቀየራል። መጠኑም ከፍ ይላል፤ በአልኮል 15% የሆነ ሽቶ በዘይት እስከ 25% ካልደረሰ ደካማ ሊመስል ይችላል። መጠኑ ሲጨምር የደህንነት ገደቡ እንደገና መሰላት እንዳለበት አይረሳ።

አሁን ብዙዎችን የሚያሰናክለው ነገር። ጥሬ ዕቃዎቹን ዲፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባለው የተለመደ ማቅጠኛ አቅጥኖ ያስቀመጠ ሰው ሽቶውን ወደ ዘይት ሲያዛውረው ጠርሙሱ ይደፈርሳል፤ ሲያድርም ታች ሌላ ሽፋን ይሠራል። ምክንያቱ ዲፕሮፒሊን ግላይኮል ከእንዲህ ያሉ ዘይቶች ጋር አለመዋሐዱ ነው። ኤታኖልም ከጆጆባ ጋር አይስማማም። ለዘይት ሽቶ የታሰበ ዕቃ ከመጀመሪያው ከዘይት ጋር በሚዋሐደው ኢሶፕሮፒል ሚሪስቴት ይቅጠን። ቫኒሊን ደግሞ በዘይት ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ከሳምንት በኋላ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የቫኒላ ጣፋጭነት የግድ ከተፈለገ ቫኒሊኑን ቀንሶ በቤንዞይን ማካካስ ይሻላል።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚፈልግ ካለ ሁለት የተለያየ ቀመር ያዘጋጅ። አንድ ኮንሰንትሬት በሁለት ማቅጠኛ አይሰምርም፤ ለአልኮል የተመጠነው መነሻ በዘይት ውስጥ ይጠፋል።

ጠብታ ወይስ ሚዛን

እዚህ ላይ ውድድር የለም፤ ሚዛን ነው። ምክንያቱን ግን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ጠብታ እንደ ፈሳሹ ውፍረትና እንደ ጠብታ ማውጫው አፍ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም ይመዝናል። «ሄዲዮን 12 ጠብታ» ብሎ የጻፈ ሰው ጠብታ ማውጫውን ሲቀይር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊስት ይችላል። የሽቶ ቀመር በክብደት ብቻ ይጻፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛኑ እስከ ስንት ያነባል የሚለው ነው። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ርካሽና ለብዙ ሥራ የሚበቃ ነው፤ 0.001 ግራም የሚያነበው ለነፋስና ለጠረጴዛ ንቅናቄ ይረበሻል። ባለ 0.01ውን የመረጠ አንድ ሕግ ይያዝ፦ ከ0.10 ግራም በታች በቀጥታ አይመዝን። አምብሮክሳን የሚባለው አምበር መሳይ ሞለኪውል 0.02 ግራም ያስፈልጋል እንበል። ሚዛኑ በ0.01 ቢስት ስህተቱ 50% ነው። ያንኑ አምብሮክሳን አስቀድሞ 10% አቅጥኖ 0.20 ግራም ቢመዝን ግን ያው የ0.01 ስህተት 5% ብቻ ይሆናል። ማቅጠን የውድ ሚዛን ምትክ ነው።

በሚሊ ሊትር መለካትም ከጠብታ ብዙ አይሻልም። 15 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትና 85 ሚሊ ሊትር አልኮል የቀላቀለ ሰው 15% የሠራ ይመስለዋል። አልኮሉ ከኮንሰንትሬቱ ስለሚቀል በክብደት ወደ 17% ደርሷል። የደህንነት ገደቦች ሁሉ በክብደት የተጻፉ ናቸው።

ከታች ወደ ላይ መገንባት ወይስ ከሐሳቡ መነሳት

ፈረንሳዊው ዣን ካርል ያስተምረው የነበረው ዘዴ ከሚቀረው ጠረን ይጀምራል። ሁለት ከባድ ዕቃዎች ተወስደው በ9 ለ 1፣ በ8 ለ 2፣ እያለ እስከ 1 ለ 9 ይቀላቀላሉ፤ ጥሩው ጥምረት ይመረጥና ልቡ (የመካከሉ ጠረን)፣ ከዚያ መነሻው ይገነባበታል። እንደ ትምህርት የሚተካከለው የለም፤ ሁለት ዕቃ ሲገናኙ የሚሆነውን አፍንጫ ያውቀዋል። ነገር ግን ለአንድ ጥንድ ብቻ 9 ጠርሙስ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም መሠረቱ ከብዶ መነሻው የማይገልጸው ሽቶ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ አጽም መሥራት ነው። የሽቶውን ሐሳብ የሚሸከሙ ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ዕቃዎች በትልቅ መጠን ይቀላቀላሉ፤ ሌላው ሁሉ ማስተካከያ ነው። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ዕቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ይሻላል እንላለን፤ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ሽቶው ምን ሊሆን እንዳሰበ ይታያልና። ሦስተኛው፣ የሌላውን ሽቶ በጋዝ ክሮማቶግራፊ አስመርምሮ መቅዳት፣ ለልምምድ ካልሆነ አይመከርም። መሣሪያው ሞለኪውሎችን ይዘረዝራል፤ ሊናሎሉ ከላቬንደር ይምጣ ከቤርጋሞት ወይም ለብቻው ይግባ ግን በግልጽ አይናገርም።

በአጽም ዘዴ የተሠራ የ10 ግራም ሙከራ ይህን ይመስላል። ሎሚ መሳይ ተነስቶ ንጹሕ እንጨት ላይ የሚያርፍ ነው፦

ቤርጋሞት (ፉሮኩማሪን፣ በፀሐይ ቆዳ የሚያቃጥለው ነገር፣ የወጣለት) 1.80 ግራም
ሊናሊል አሴቴት 1.00
ሊናሎል 0.60
ሄዲዮን 2.50
አይሶ ኢ ሱፐር (እንጨት መሳይ ሞለኪውል) 2.00
ጋላክሶላይድ (ሙስክ፣ 50% የቀጠነ) 1.00
ቬቲቨር 0.60
አምብሮክሳን (10% የቀጠነ) 0.40
ኩማሪን (10% የቀጠነ) 0.10

አሠራሩም ቅደም ተከተል አለው። ከባዶቹና የቀጠኑት ክሪስታሎች ቀድመው ይገባሉ፤ ቤርጋሞቱ፣ ቶሎ የሚተነው፣ መጨረሻ። በእያንዳንዱ ዕቃ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከተፈለገው ያለፈ ቢገባ አይወጣም፤ ትክክለኛው የገባው መጠን ይጻፍና ሥራው ይቀጥላል። የተመኙትን ቁጥር መጻፍ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከወዲሁ ማበላሸት ነው።

ይህ ሙከራ ሲሸተት መነሻው ሹል፣ ልቡ ባዶ ሊመስል ይችላል። ያኔ እጅ ወደ አዲስ ዕቃ ይሮጣል። ከዚያ በፊት ያለውን መቀያየር ይሻላል፦ ሊናሊል አሴቴቱን ወደ 0.60 ዝቅ፣ ሄዲዮኑን ወደ 2.90 ከፍ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይና ሙከራ 2 ተብሎ ይለጠፍበት። በአንድ ሙከራ አራት ነገር የቀየረ ሰው የተሻለው በየትኛው እንደሆነ አያውቅም።

አንድ ዕቃ ቀመሩ ውስጥ ሥራ አለው ወይ የሚለውን ለመለየት ሦስት ወረቀት ይበቃል። ሁለቱ ዕቃው ባለበት፣ አንዱ በሌለበት ይነከሩና የማያውቅ ሰው የተለየውን ያውጣ። ደጋግሞ መለየት ካቃተው ያ ዕቃ ይውጣ። የቀመሩ አጭርነት ክብርም ወጪ ቁጠባም ነው።

በወረቀት ማሽተት ወይስ በቆዳ

ወረቀት ለማወዳደር፣ ቆዳ ለመወሰን ነው። ወረቀቱ ሙቀትና ቅባት ስለሌለው ሽቶውን በዝግታ ይገልጣል፤ አምስት ሙከራ ጎን ለጎን ሊቀመጥበት ይችላል። እንደነከሩ፣ ከ15 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ4 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይሸተት፤ ሰዓቱም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ቆዳ ላይ ግን መነሻው ያጥራል፣ ጣፋጭ ዕቃዎች ይጎላሉ፤ በወረቀት ላይ ያማረ ቫኒላ ክንድ ላይ ሊያንገፈግፍ ይችላል።

በኮንሰንትሬቱ ላይ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው። ሽቶው በሚሸጥበት መጠን፣ 15% ከሆነ 15% አቅጥኖ፣ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሮ ማሽተት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ወረቀት በኋላ አፍንጫ ይደክማል። የቡና ፍሬ ማሽተት ከንጹሕ አየር የበለጠ ጥቅም የለውም፤ ወጣ ብሎ መመለስ ይበቃል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጋላክሶላይድን፣ አይሶ ኢ ሱፐርን ወይም አምብሮክሳንን የማያሸቱ ሰዎች አሉ፤ ቀማሚው ራሱ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሙስኩ አልሸተት ብሎት ደጋግሞ የጨመረ ሰው ለሌላው የሚያፍን ሽቶ ይሠራል። ሁለት የተለያዩ ሙስኮችን ማጣመርና ቢያንስ ለአራት አምስት ሰው ማሸተት ከዚህ ያድናል።

ወዲያው ማቅጠን ወይስ አሳድሮ

ኮንሰንትሬቱን ለብቻው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ አቅጥኖ ሌላ 4 ሳምንት መጠበቅ የታወቀው መንገድ ነው። ወዲያው የሚያቀጥኑም አሉ፤ በሞለኪውል ብቻ የተሠራ ቀላል ሽቶ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የዕፅዋት ዘይትና ሙጫ የበዛበት ግን ጊዜ ካልተሰጠው ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ከተሞላ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ደለል ይጥላል።

በእነዚህ ሳምንታት የሚሆነው ኬሚስትሪ ነው። አልዴሃይዶች የሚባሉት ሹል ሽታ ያላቸው ሞለኪውሎች ከአልኮሉ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ሹልነታቸው ይቀንሳል። የብርቱካን አበባ ጠረን የሚሰጠው ሜቲል አንትራኒሌት ከአልዴሃይድ ጋር ሲገናኝ ሺፍ ቤዝ የሚባለውን ይሠራል፤ ፈሳሹ ወደ ጥልቅ ብርቱካናማ ይዞራል። ቫኒሊን ደግሞ ቡናማ ያደርጋል። ቀለሙ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ግልጽ ጠርሙስ ለመረጠ ሰው አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል።

ከዚያ ጠርሙሱ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ቀን ቀዝቅዞ፣ ሳይሞቅ፣ በላብራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ይጣራል። ሞቆ የተጣራ ሽቶ ማጣሪያውን አልፎ ቅዝቃዜ ሲያገኘው እንደገና ይደፈርሳል።

ከመሸጡ በፊት አራት ትንንሽ ጠርሙስ ለፍተሻ ይለይ፦ አንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አንዱ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ፣ አንዱ በ40 ዲግሪ። ከ12 ሳምንት በኋላ አራቱ ጎን ለጎን ይሸተቱ። የመስኮቱ ብቻ ከተለወጠ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው፤ ቡናማ ጠርሙስ ወይም ካርቶን ይፈታዋል። የ40 ዲግሪው ከጎመዘዘ ቀመሩ ራሱ ይታይ።

ገደቡን መቼ ማስላት

ብዙዎች ሽቶው ካለቀ በኋላ ያሰሉታል፤ ያኔ የሚወደድ ዕቃ ከቀመሩ ይወጣና ሥራው ከመጀመሪያ ይጀመራል። ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር ማስላት ያዋጣል። ከላይ ያለውን ቀመር እንውሰድ። ቤርጋሞት ከ10 ግራም 1.80፣ ማለትም 18% ነው። ሽቶው 15% ሆኖ ሲቀጥን ቤርጋሞቱ ከጠቅላላው 2.7% ይሆናል። ተጨምቆ የወጣ ተራ ቤርጋሞት በፀሐይ ቆዳን ስለሚያቃጥል ኢፍራ ያስቀመጠለት ጣሪያ 0.4% ነው። ተራውን የተጠቀመ ሰው ወደ ሰባት እጥፍ ያህል አልፏል። ፉሮኩማሪን የወጣለት የተመረጠው ለዚህ ነው። ኦክሞስም ገደቡ 0.1% ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 51ኛው የኢፍራ ማሻሻያ ከቀድሞዎቹ ሰንጠረዦች ይለያል። ከድሮ ደብተርና ከድሮ ቀመር የሚሠራ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ለሙጌ ጠረን ዓመታት ሁሉ የሚጠቀሱት ሊሊያልና ሊራል በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ታግደዋል፤ ሊሊያል እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ።

ከ10 ግራም ወደ 500 ግራም

ብዛት ሲጨምር የሚስተው ሒሳቡ ሳይሆን ዕቃው ነው። በ10 ግራም ሙከራ ላይ የተጠቀሙበት ቬቲቨር ከአንድ ምርት ዙር ነው፤ ለ500 ግራም የተገዛው ከሌላ። ስለዚህ አዲስ የዕፅዋት ዘይት ሲገባ ከአሮጌው ቀሪ ጋር በወረቀት ይወዳደር፤ ልዩነት ካለ ትልቁ ከመሠራቱ በፊት በ10 ግራም ይስተካከል። የጥሬ ዕቃው የምርት ዙር ቁጥርም ቀመሩ አጠገብ ይጻፍ።

መሥሪያው መስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ጠንከር ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ብርጭቆ በሎሚ ዘይት ይቀልጣል፤ የጠብታ ማውጫ ጎማ ለወራት ክዳን ሆኖ ከተቀመጠ ይለሰልስና ሽታውን ለጠርሙሱ ያካፍላል። ከሚረጭና ከሚንከባለል ክዳን መካከል ለአልኮል የሚረጨው፣ ለዘይት የሚንከባለለው ይመረጥ። የሚረጨው ከነቱቦው ሽቶው ውስጥ ተነክሮ አንድ ወር ይፈተን፤ አንዳንዱ ቱቦ ያብጣል ወይም ይቢጫል።

ከእያንዳንዱ ዙር 10 ሚሊ ሊትር፣ እስከ አፉ በተሞላ ጠርሙስ፣ ቀኑና የሙከራ ቁጥሩ ተጽፎበት ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ዙር ሲወጣ የሚወዳደረው ከእሱ ጋር ነው፤ የአፍንጫ ትዝታ ለዚህ ሥራ አይታመንም።